የካርቶን ጭንብልና የሐሙስ ውሃ

ባለፈው ሐሙስ የመምህራንን ክፍል ቁልፍ ለተተኪዬ አስረክቤ ከግቢው ስወጣ ሰው ሁሉ እንባ ጠብቆብኝ ነበር። አንዷ ወጣት መምህርት መሐረብ ሳይቀር ይዛ ቆማለች። አላስፈለገም። የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ ከካላክላ እስከ ሱቅ ዐረቢ ቆሞ የመጣ ተሳፋሪ በመጨረሻ መቀመጫ ሲያገኝ የሚሰማው ዓይነት። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካርቱም ውስጥ የሐበሻ ልጆችን አስተምሬያለሁ። ጉልበቴም ጉሮሮዬም አመስግነውኛል። ቤት ውስጥ እንደ ክፍል መጮኼን ከተውኩ ባለቤቴም ሳያመሰግነኝ አይቀርም።

ምን አስተማርሽ ለሚለኝ መልሴ ፊደልና ሂሳብ ነው። ልጆቹ ግን የሚያስታውሱኝ በሌላ ነገር ነው። ዛሬ ጢም ያበቀለ ጎረምሳ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ቲቸር ሱፐር» ብሎ ይጠራኛል፤ በካርቶን ጭንብል፣ በጨርቅ ካባና በቆርኪ መታጠቂያ ስላስተማርኳቸው ነው። በዚያ ሥራ ብዙ ተደስቻለሁ። በዚያው ሥራ ደግሞ አንዲት ልጅ ከእናቷ ቤት እንድትወሰድ ምክንያት ሆኛለሁ። ልጅቷ ቤዛ ትባላለች። የሥራ ዘመኔን ሳወራ እሷ ጋ መድረሴ ስለማይቀር ስሟን ከአሁኑ ያዙልኝ።

ጎንደር ላይ የመምህርነት ሥልጠና ጨርሼ መተማ ጥቂት ካስተማርኩ በኋላ ነው ሹፌር ባለቤቴን ተከትዬ ካርቱም የገባሁት። የመጀመሪያ ክፍሌ ካላክላ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ነበረች። ወንበር ስላልነበረን ልጆቹ የሚቀመጡት ዐንግሬብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ነበር፤ ገመዱ ስለላላ አንዱ ሲነቃነቅ ሁሉም ተንከባለው መሐል ላይ ይከመራሉ። ደመወዜ ሀፍላ ለሚሉት አውቶቡስ መሳፈሪያ ከበቃኝ ደስ ይለኝ ነበር። የመኖሪያ ወረቀት ለማሳደስ ስሰለፍም ብዙ ጧት አቃጥያለሁ፤ እሱን ካርቱም የኖረ ሁሉ ስለሚያውቀው አላወራውም።

ከዚያ ወደ አል-ሳሃፋ ተዛወርኩ። እዚያ ሐበሾቹ አዋጥተው የተከራዩት ሰፊ ግቢ ነበር፤ ጠዋት አንድ ፈረቃ፣ ከሰዓት ሌላ ፈረቃ ይማርበታል። እኔ የተሰጠኝ የከሰዓቱ ነበር። የከሰዓቶቹ ልጆች ጠዋት ዐረብኛ ትምህርት ቤት ውለው የሚመጡ ናቸው። ብዙዎቹ እናታቸው ሐበሻ፣ አባታቸው ሱዳናዊ ነው። አማርኛቸው ይሰባበራል፤ ደክሟቸዋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ሰውን ወንበር ላይ የሚያቀልጥበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት «ሀ በሉ» ብሎ ማስጮህ ልጆቹንም ራስንም መቅጣት ነበር።

ሥራ ያስተማሩኝ መምህር ደምሴ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የደሴ ሰው፤ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ መዶሻ ትኖራለች፤ የሚነቃነቅ ወንበር ካዩ ትምህርቱን አቁመው ሚስማሩን ይመቱታል። ስም አይጠሩም ነበር። ክፍል ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ ቆመው ወንበሮቹን ያያሉ። «የመጣውን ምን አስቆጠረሽ? የመጣው መጥቷል። የጎደለውን ፈልጊ» ይሉኝ ነበር።

ሁለት ሌሎች ልማዶች ነበሯቸው። አንደኛው፣ ለልጅ የሚሰጡትን ጨዋታ ሁሉ አስቀድመው በራሳቸው ላይ ይሞክሩታል። ሁለተኛው የሐሙስ ልማዳቸው ነው። ሐሙስ የሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነ፣ ከሥራ ሲወጡ አንድ ልጅ ይዘው ቤቱ ድረስ ያደርሱታል። ሁልጊዜ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ሰፈር። አይገቡም፣ አይቀመጡም። በር ላይ ቆመው የሚቀርብላቸውን ውሃ ጠጥተው ይመለሳሉ። ውሃውን ማን አመጣው፣ ከማን ቤት ተለምኖ መጣ፣ ሲጠጡ ማን በመስኮት አየ፣ ልጁ እዚያ በር ላይ በየትኛው ስም ተጠራ፤ ይኸን ሁሉ ይዘው ይመለሱና እሑድ ክፍል ሲገቡ ልጁን የሚያናግሩበት መንገድ ይለወጣል። እኔ ያኔ የሽማግሌ ሽርሽር ነበር የሚመስለኝ።

የጀግና ትምህርታችን የተጀመረው በውድቀት ነው፤ የእውነት መውደቅ። ያኔ ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ በሱፐር ጀግና ሥዕል ቦርሳና ካናቴራ ተሞልቶ ነበር። ልጆቹ እረፍት ላይ የሚጫወቱት እሱን ብቻ ሆነ። ናሆም የሚባል የሁለተኛ ክፍል ልጅ የእናቱን ነጠላ አንገቱ ላይ አስሮ ከሽንት ቤቱ ጣሪያ ላይ በረረ። ያረፈው ጥላ ሥር በቆመው ዚር፣ ማለት ውሃ በምናቀዘቅዝበት ትልቅ የሸክላ ጋን ላይ ነው። ጋኑ ተሰበረ፤ የናሆም አገጭም ተሰፋ። ዳይሬክተራችን አቶ ፍቅሬ በማግስቱ ጨርቅ አንገቱ ላይ ያሰረ ልጅ ግቢ እንዳይገባ አዘዙ። ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ፈቃዳችን እንዳይነጠቅ ስለሚፈሩ ማንኛውም ድምፅ ያስደነግጣቸዋል።

እኔም ከልጆቹ የሰበሰብኩትን ጨርቅ ታቅፌ መምህር ደምሴ ጋ ሄድኩ። መዶሻቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ክምሩን አዩት።

«ጨርቁን አትቀሚያቸው የሺ» አሉኝ። «ሥራ ስጪው።»

ሥራ ሰጠሁት። ካባውን የሚለብስ መሬት ላይ የቆመና ትምህርቱን የሠራ ብቻ ነው አልኩ። የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ ከሚሰፋው ጎረቤታችን ቁርጥራጭ እየለመንኩ ካባ አሰፋሁ። የካርቶን መታጠቂያ ሠራንና አንድ ልጅ የሦስትን ማባዛት ሲያውቅ ሦስት የለስላሳ ቆርኪ፣ የሰባትን ሲያውቅ ሰባት ቆርኪ ይሰፋለታል። ልጆቹ ሲራመዱ ይንሿሿሉ፤ ማን የት እንደደረሰ ከድምፁ አውቅ ነበር። ሰባትና ስምንት ላይ ስንት ዓመት ሲለቀስ እንዳልኖረ፣ ለቆርኪ ሲሉ ቤታቸው ሄደው አጠኑ።

ፊደሉን በአካላቸው ሠራነው። «ለ» የሆነው ልጅ እግሩን ከፍቶ ይቆማል፤ ያልታጠቀ ጀግና ነው። እጁን ከወገቡ ወደ ጎን ሲያወጣ «ሉ» ይሆናል። እጁን ትቶ የእግሩን ጫፍ ወደ ውጭ ሲዘረጋ «ሊ»፣ አንዱን እግር ሲያሳጥር «ላ»፣ እግሩ ሥር የጎማ ቀለበት ሲደረግለት «ሌ»። ሳድስና ሳብዕ እንደ ልባቸው ስለሚሆኑ «የማይያዙት» ብለን ሰየምናቸው፤ እነሱን የሚሠራው ልጅ ግቢውን አንዴ ሮጦ ዞሮ ነበር የሚቆመው። አማርኛ የማይናገሩ ልጆች በሁለት ወር ውስጥ ማንበብ ጀመሩ።

ጭንብሉ አስቸገረን። መምህር ደምሴ በልማዳቸው መጀመሪያ ራሳቸው ሞከሩት። በዱቄት ማጣበቂያ የሠራሁትን የብስኩት ካርቶን ጭንብል አጥልቀው ሀፍላ ላይ ተሳፍረው ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ ቅንድባቸው ሳስቶ መጡ። ማጣበቂያው በላብ ቀልጦ ተጣብቆባቸው ኖሯል፤ ላስቲኩም ጆሯቸውን አቁስሏል። ረዳቱ ግን በሳቅ ሲንፈራፈር ሒሳብ መቀበል ረስቶ ሳይከፍሉ እንደወረዱ በኩራት ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ጭንብላችን በክር የተሰፋ፣ ከኋላ በጨርቅ የሚታሰር ሆነ።

ዋናው ሕግ አንድ ነበር፤ የሚመታ ኃይል የለም። እያንዳንዱ ልጅ ኃይሌ የሚለው አሁኑኑ የሚችለውን ነገር ነው። ናሆም ጣቱን አጩሆ ሀፍላ ማስቆም ይችል ነበርና ስሙ «አስቋሚው» ሆነ። መብራት ሲጠፋ ትንንሾቹን ሳትፈራ ሽንት ቤት የምታደርስ ልጅ ነበረች። አቶ ፍቅሬም አንድ ቀን ሊቆጣጠሩ ገብተው ኃይላቸውን ሲጠየቁ «ጸጥታ ማስከበር» አሉ። ልጆቹ ግን ጸጥ ስላላሉ ኃይሉ አልጸደቀላቸውም። ከዚያ ወዲያ ለካባ የሚሆን ጨርቅ ሲያገኙ ያመጡልኝ ነበር።

መምህር ደምሴ ዓይናቸው ሲደክም ወደ ደሴ ተመለሱ። መዶሻዋን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ሐሙሱን ግን አልወረስኳቸውም። ሐሙስ ገበያ አለ፤ የራሴም ልጆች አሉ፤ ሰበብ አይጠፋም።

ቤዛ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እናቷ ብርቱካን ከትምህርት ቤታችን አጠገብ ያለ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ትሠራለች፤ የሚኖሩት ካላክላ ነው። ልጅቷ ጠዋት ዐረብኛ ትምህርት ቤት ውላ ከሰዓት እኛ ጋ ትመጣና ማታ ከእናቷ ጋር ወደ ቤት ትሄዳለች። አባቷ ዑስማን ስልክ በማይያዝበት በረሃ ወርቅ ቁፋሮ ላይ ነው፤ በዓመት አንዴ ይመጣል። ብርቱካን ስታስመዘግባት የአባት ስም ስንጠይቅ «አለሙ» አለች። አለሙ የብርቱካን አባት፣ የልጅቷ አያት ነው። እንዲህ የሚያስመዘግቡ እናቶች ስለማይጠፉ ማንም ምክንያቷን አልጠየቃት።

ቤዛ ሦስተኛ ክፍል ሆና ድምፅዋን የሰማ አልነበረም። ቆርኪዎቿ ከሁሉም ይበልጣሉ፣ አፏ ግን ዝግ ነው። ኃይልሽ ምንድን ነው ስላት አንድ ወር ሙሉ ትከሻዋን ነቀነቀችልኝ። አንድ ቀን ጭንብሏን ካሰረች በኋላ ከሥሩ መናገር ጀመረች። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት።

«እኔ አሻጋሪ ነኝ» አለች። «የዶክተር ቃል ለእማዬ አሻግራለሁ። የእማዬ ቃል ለአክስቴ፣ የአክስቴ ቃል ለእማዬ አሻግራለሁ። ሲጣሉ ክፉውን ቃል መንገድ ላይ እጥላለሁ።»

ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። አቅፌ ሳምኳት፤ ለወላጆች ቀን የመጀመሪያዋ አቅራቢ አደረግኳት። ያቺ አክስት ማን እንደሆነች፣ የት እንደምትኖር ግን መጠየቅ አልመጣልኝም።

የወላጆች ቀን የዓመቱ ትልቁ ቀናችን ነው። ልጆቹ በጭንብልና በካባ መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ኃይላቸውን ይናገራሉ፣ መጨረሻ ላይ ጭንብላቸውን አውልቀው ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ይጠራሉ። ያንን መጨረሻ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ወላጅ ለልጁ በስሙ እንዲያጨበጭብለት ብዬ ነበር፤ በራሴም ላይ አልሞከርኩትም፣ ማንንም እናት አላማከርኩበትም። ድምፅ ማጉያ ተከራይተን በሩን ከፈትን። ሱዳን ውስጥ ሙዚቃ የሰማ ጎረቤት ለመግባት ጥሪ አይጠብቅም፤ ሴቶቹ ቶባቸውን እያስተካከሉ፣ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። እኔም ግቢው በመሙላቱ ኮራሁ።

ቤዛ ወጣች፤ ጥርት አድርጋ ተናገረች። ጭብጨባው አላባራ አለ። «ቤዛ አለሙ» አልኩ በድምፅ ማጉያው፣ «በይ አውልቂና ስምሽን ንገሪን።» ልጅቷ ጭንብሉን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ዓይኗ ወደ ኋላ ረድፍ ነበር። እኔ ያየሁት ዓይን አፋርነት ነው። ሄጄ ከኋላዋ ቋጠሮውን ፈታሁት።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ትልቅ ሴት ተነሡ። ሰውነታቸው ሞላ ያለ፣ ቡናማ ቶብ የለበሱ ናቸው። በሰዉ መሐል ቀስ ብለው እስከ መድረኩ መጡ። አልጮሁም። ልጅቷን «ሰልማ፣ ተዓሊ» ብለው ወደ እሳቸው ጠሩና እጇን ያዙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ኡስታዛ» አሉኝ፣ መምህርት ሲሉ በዐረብኛ፣ «ይቺ የወንድሜ የዑስማን ልጅ ናት። አለሙ ማነው?»

ልጅቷን ከነካባዋ፣ ከነቆርኪዋ ይዘዋት ወጡ። እኔ ጭንብሉን እንደያዝኩ መድረክ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ የሚቀጥለውን ልጅ የጠሩልኝ አቶ ፍቅሬ ናቸው።

ዝርዝሩን ያን ሰዓት ክሊኒክ ሥራ ላይ ከነበረችው ከብርቱካን ሰማሁ። ሴትየዋ ሐጃ አሚና ይባላሉ፤ የሚኖሩት ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ነው። ልጅቷ ስትወለድ፣ በሰባተኛው ቀን ድግስ ላይ፣ እሳቸው «ሰልማ» ብለው አወጡላት፤ ብርቱካን ደግሞ «ቤዛ» አለች። በዚያ ተጣልተው ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት አልተነጋገሩም። ያም ሆኖ ዘመድ ናቸውና የበዓል ምግብ ይላካል፣ የታመመ ይጠየቃል፤ መልእክቱን ሁሉ የምትወስደውና የምትመልሰው ልጅቷ ነበረች። ሐጃ አሚና ከሰዓት ከሰዓት ክሊኒክ ከእናቷ ጋ ነው የምትውለው ብለው ያምኑ ነበር። አሁን «ዑስማን ከበረሃ እስኪመጣ ከእኔ ጋ ትቆያለች» ብለው ይዘዋታል። ዑስማን ደግሞ ወራት ይቀሩታል።

ብርቱካን በራቸው ላይ ሄዳ ቆማ ነበር። ልጅቷ ወጥታ «አክስቴ ሰላም ትልሻለች፤ በኋላ ነዪ ትላለች» አለቻት። ብርቱካን ያንን ስትነግረኝ ሐጃ አሚና እንደዚያ እንዳላሉ አሳምራ ታውቃለች።

«እትዬ፣ ጭንብሉን አንቺ ነሽ የፈታሽው» አለችኝ። «ልጄንም አንቺ አምጪልኝ።»

አቶ ፍቅሬ የጀግና ትምህርቱን ዘጉት። ሌሎች እናቶችም ስለ ስም ፈርተው ልጆቻቸውን ማስቀረት ጀመሩ። በር ላይ ስቆም ባዶው ወንበር ብዙ ሆነ፤ እኔ የማየው ግን የቤዛን ብቻ ነበር። እንቅልፍም ምግብም እምቢ ሲለኝ ደሴ ደወልኩ። መምህር ደምሴ ሁሉንም ሳያቋርጡ ሰሙኝ። የሰጡኝ ምክር የለም፤ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ውሃ ጠጥተሻል?»

በዚያው ሐሙስ ብርቱካንን ከክሊኒኩ ይዣት ሄድኩ። ከተደበቅንባቸው ሰው ደጃፍ ለመድረስ ሁለት መንገድ ብቻ ነበር የሚሻገረው፤ እኔ በዓመታት ውስጥ አንድ ቀን አልሄድኩበትም። ሐጃ አሚና በሩን ከፍተው አዩን። ፊታቸው ተዘግቷል፤ ይሁን እንጂ ሱዳናዊት ናቸውና እንግዳ በር ላይ አያቆሙም። ወደ ግቢ አስገብተው ወንበር አሳዩንና ወደ ጓዳ ተጣሩ። ውሃውን ያመጣችው ቤዛ ናት። በዝርግ ሰሐን ላይ ሁለት ብርጭቆ። እናቷን ስታይ ሰሐኑን በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ ውሃው አልፈሰሰም።

እኔ ጠጣሁ። ብርቱካን ብርጭቆዋን ጭኗ ላይ ይዛ መሬት መሬት አየች።

ሐጃ አሚና የተናገሩት ለእኔ ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ አልተቆጡም። አማርኛ ብትማር ምን ከፋኝ፣ የእናቷ ቋንቋ ነው አሉ። ያመማቸው ሌላ ነው። የወንድማቸው ልጅ ያን ያህል ሰው ፊት ቆማ ስትናገር፣ ሲጨበጨብላት፣ የሌላ ሰው ልጅ ተብላ ነው የተጠራችው። የማን ልጅ ናት ብለው ከጎናቸው የተቀመጠችውን ጎረቤት ጠይቀው ነበር፤ ይቺ የታደለች እናት ማናት ብለው። ጭንብሉ ሲወልቅ አዩ። «ብትጠሩኝ ኖሮ ከፊት ተቀምጬ እልል እል ነበር» አሉኝ። እኔም አፈርኩ፤ እሳቸውን ስፈራ ከርሜ ኀዘናቸውን አላሰብኩትም ነበር።

ብርቱካን ቀና ሳትል ለልጇ በአማርኛ ተናገረች። ያስመዘገብኩሽ ቀን የአባትሽ ወረቀት በእጄ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው፤ አባትሽን ለመካድ አይደለም በያት አለቻት። ልጅቷ እንደ ለመደችው ወደ አክስቷ ዞረች። እዚህ ላይ ሐጃ አሚና እጃቸውን አነሡ።

«ቆዪ» አሏት። «መጀመሪያ ያን ቀን በድምፅ ማጉያው ያልሽውን ንገሪኝ። አንድ ቃል አልገባኝም።»

ቤዛ ወደ እኔ አየች። ጭንብሏ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ሰጠኋት። አላሰረችውም፤ በእጇ ይዛው በዐረብኛ ተናገረች። የዶክተርን ቃል ለእናቴ አሻግራለሁ። የእናቴን ቃል ለአክስቴ፣ የአክስቴን ቃል ለእናቴ አሻግራለሁ። ሲጣሉ ክፉውን ቃል መንገድ ላይ እጥላለሁ።

ስንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት የላኩት ነገር፣ ወደዚያ ቤትም የመጣላቸው ነገር ሁሉ በሐጃ አሚና ሐሳብ ሲያልፍ አየሁ። ብርቱካንም እንደዚያው ነበረች። የሁለቱ ፊት ያን ሰዓት አንድ ዓይነት ሆነ።

«የጣልሽው ምን ምን ነበር?» አሏት በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ነሲት» አለች። ረሳሁት።

ሐጃ አሚና የቶባቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ሳቁ መሐል ላይ እንባ ሆነ። እኔም አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ ልጅቷን አልፈው፣ እኔንም አልፈው፣ በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተናገሩ።

«ውሃሽን ጠጪ፣ ያ ብርቱካን።»

ብርቱካን ብርጭቆዋን እስከ ታች ጠጣችው። ማታ እናትና ልጅ ወደ ካላክላ አብረው ሄዱ። እኔም ቤቴ ገብቼ ከዚያች የወላጆች ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ የሐሙሱን ውሃ አላስታጎልኩም። መዝገባችንን በየቤቱ በር ላይ እየቆምኩ ከእናቶቹ ጋር አስተካከልን። የጀግና ትምህርቱን ለአቶ ፍቅሬ አስረድቼ አስከፈትኩት፤ አንድ ሕግ ጨመርኩ፤ ጭንብልን ባለቤቱ እንጂ ሌላ ሰው አይፈታውም። ስሙንም የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ጎንበስ ብሎ ይወርዳል። በሚቀጥለው ዓመት ቤዛ ራሷ ፈታችና «ቤዛ ሰልማ ዑስማን» አለች። ሐጃ አሚና ከፊት ረድፍ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ድምፅ ማጉያው ጮኸብን።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሁላችንም ተበተንን፤ እኔ ገዳሪፍ ከረምኩ። ስመለስ የግቢያችን ጣሪያ ግማሹ የለም፤ ልጆቹም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በሩ ላይ ቆሜ የጎደለውን ልፈልግ ብል የጎደለው ሁሉም ሆነ። እንደገና ለማስጀመር የቻልኩትን ያህል ሠራሁ። ቤዛን ግን የት እንዳለች የሚነግረኝ አልተገኘም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደረቴ ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ እሱ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ግን ቁልፉን አስረክቤ ከበር ስወጣ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ካንዲት የድሮ ተማሪዬ ቁጥሬን አግኝታ ኖሯል። ወፍራም የወጣት ሴት ድምፅ «ቲቸር፣ አሻጋሪዋ ነኝ» አለኝ። በሩ ሥር ካለው ግንብ ላይ ቁጭ አልኩ። እናቷ ደኅና ናት፣ አክስቷም ደኅና ናቸው፣ አባቷም ከበረሃ ወጥቶ ደርሶባቸዋል። ከካርቱም አንድ ላይ ወጥተው አሁንም ከሰላ ከተማ ውስጥ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። እያወራችኝ ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ሲጨቃጨቁ ይሰማኛል፤ አንዷ በዐረብኛ፣ አንዷ በተሰባበረ ዐረብኛ፣ ስለ ጨው መሰለኝ።

«ምንድን ነው፣ ተጣሉ?» አልኳት ደንግጬ።

«ሁልጊዜ ነው» አለችኝ። «አሁን ቀጥታ ነው የሚጣሉት።»

ጡረታ መውጣቴን ነገርኳት። ሳቀች።

«እኔ ካንቺ በፊት ወጥቻለሁ፣ ቲቸር» አለችኝ።